የጋለ ማሞቂያ፣ የቀዘቀዘ ቤት

ሐምዲያ ሁዛይፋ ስለ ሰው የምትፈርደው ምድር ቤቱን አይታ ነው። ሳሎኑ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሶፋው ላይ የተዘረጋው ዳንቴል የቱንም ያህል ቢነጣ፣ ደረጃውን ወርዳ ቦይለሩ ያለበትን ክፍል እስክታይ ድረስ ስለ ባለቤቱ አንዳች አትናገርም። ካየች በኋላ ግን ፍርዷ ይግባኝ የለውም።

በዘጠኝ ዓመቷ ከወራቤ ወደ ሲያትል የመጣች፣ አሁን ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት ናት። አባቷ ከከተማው አጠገብ ባለችው ቱክዊላ ውስጥ ቅመማ ቅመምና ምንጣፍ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ልጁ ነርስ ብትሆንለት ይመኝ ነበር። እርሷ ግን አምስት ዓመት ሙሉ በተለማማጅነት ከምድር ቤት ወደ ምድር ቤት እየዞረች የጋዝ ቦይለር መጠገን ተማረች፤ ፈተናውን አልፋ የሥራ ፈቃድ አወጣች፤ ስሟ የተጻፈበት ነጭ ቫን ገዛች። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ቦይለሩ በጋዝ እሳት ውኃ ያሞቃል፤ ፓምፕ የሞቀውን ውኃ በየክፍሉ ወዳሉት የብረት ራዲያተሮች ይገፋል፤ ውኃው ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል፤ እንደገናም ይሞቃል። ውኃው ካልዞረ ሙቀቱ መሄጃ ያጣና ቦይለሩ ይግላል፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ይህን በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ትችላለች። ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ አባወራ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠማትም።

የአገሯ ሰዎች የሚደውሉላት ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ አባወራው ራሱ ይሞክራል። ቀጥሎ በአገር ቤት «ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረ» ወዳጁ ይጠራል። ከዚያ በስልክ ቪዲዮ ይታያል። ከዚያም እንደ ቤቱ እምነት ጸሎት ወይም ዱዓ ይደረጋል። ይህ ሁሉ አልፎ ቤቱ ውስጥ ሰው በካፖርት መተኛት ሲጀምር አንዱ ብድግ ይልና «ያቺ የሁዛይፋ ልጅ አለች አይደል?» ይላል። እርሷ በምትደርስበት ሰዓት የቦይለሩ ክዳን በወጥ ቤት ቢላዋ ተከፍቷል፣ አንድ ብሎን ጠፍቷል፣ ማንም ግን ምንም አልነካም። ሐምዲያ «ማንም አልነካውም» የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር ከንፈሯን ወደ አንድ ወገን ታጣምማለች። ያን ጊዜ የሚያውቋት ሰዎች ዞር ይላሉ።

በጥር ወር አንድ ሰኞ ጧት ከሬኒየር ቢች ሰፈር ማንአልሞሽ የምትባል ሴት ደወለችላት።

«ስልክሽን ከአባትሽ ሱቅ ነው ያገኘሁት፣ የኔ እህት። ቦይለሩ ይግላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሮብ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዋ ትመጣለች። እባክሽን።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማንአልሞሽ በቤቷ የሕፃናት ማቆያ ከፍታ አሥራ ሁለት ልጆች ትጠብቃለች፤ ወላጆቻቸው በቱክዊላ መጋዘኖች፣ በካፒቶል ሂል ምግብ ቤቶች የሚሠሩ ናቸው። የማቆያው ፈቃድ ልጆቹ የሚውሉበት ክፍል ሙቀት በፋራናይት ቢያንስ ሥልሳ ስምንት ዲግሪ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ልጆች ባሉበት ክፍል ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ መሰካት ደግሞ ክልክል ነው። ባለፈው ኅዳር የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጥታ ክፍሉን ለካች፤ ቀዝቅዞ አገኘችውና ማስጠንቀቂያ ጻፈች። ዳግመኛ ቀዝቅዞ ከተገኘ ፈቃዱ ይታገዳል። ማንአልሞሽ ይህን ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ዓመት ተምራለች፤ ስድስት ሰርተፊኬት በመስታወት አሠርታ ከበሩ አጠገብ ሰቅላለች።

ሐምዲያ ስትደርስ በሩን የከፈተላት ማንአልሞሽ ሳትሆን ባሏ ነበር። ጌዴዎን ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ደረቱን ገልብጦ የሚቆም ሰው። በትከሻዋ አሻግሮ ወደ ቫኑ ተመለከተ።

«ባለሙያው መኪና ውስጥ ነው?»

«ባለሙያዋ እኔ ነኝ።»

«ኦኬ» አለ ጌዴዎን። «ኦኬ፣ ጎበዝ። ግቢ።»

ከውስጥ ማንአልሞሽ «ኢንጂነር፣ ታች አውርዳት፤ አታቁማት» ስትል ተሰማ። ሐምዲያ ከንፈሯን አጣመመች። የዚህን ማዕረግ ታሪክ ቀደም ሲል ሰምታው ነበር፤ በሰፈሩ ያልሰማው የለም። ጌዴዎን በአገር ቤት በአንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ የቀያሽ ረዳት ነበር፤ ባለ ቀይና ነጭ እንጨት ይዞ ይቆም ነበር ማለት ነው። እዚህ ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ የኪራይ መኪና ያጥባል። «ኢንጂነር» የተባለው አንድ እሑድ የጸሎት ቤታቸው ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ተነሥቶ አንዱን ሽቦ ስለ ነቀለ ነው። ጩኸቱ ቆመ፤ መጋቢው ከመድረክ ላይ «ኢንጂነራችን ይባረክ» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማዕረጉ ጸና። ጸንቶም አልቀረ፤ በዚያ ጸሎት ቤት የሚበላሽ ዕቃ ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል፣ ከእርሱ ዘንድም ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል፤ ማንም ግን ኢንጂነሩን አይጠይቅም። ሰውን በማዕረጉ ሲጠሩት ሰንብቶ «አታውቅም» ማለት ነውር ይሆናል።

ልጆቹ በሚውሉበት ክፍል አሥራ ሁለቱም ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ወረቀት ይለጥፉ ነበር። ሐምዲያ የሙቀት መለኪያዋን አነሣች፤ ሥልሳ አንድ ዲግሪ። ከዚያ ጌዴዎንን ተከትላ ወረደች።

ከቦይለሩ ክፍል በር አጠገብ አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በጋቢ ተጠቅልለዋል። የጌዴዎን እናት እማማ ተናኘ ናቸው፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ክፍላቸው እዚያው ምድር ቤት፣ ከቦይለሩ ጎን ነው።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ?»

«ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?»

«የሁዛይፋ። ቱክዊላ ሱቅ ያለው።»

«አውቀዋለሁ። እርድ ከእርሱ ነው የምናስመጣ» አሉ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይቺ ውኃ ሰሞኑን ኃይሏ ቀንሷል» አሏት።

«እሺ እማማ፣ አየዋለሁ» አለች ሐምዲያ፤ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ የሚሉ መስሏት አለፈች። ዐይኗ አስቀድሞ ጌዴዎን ላይ ነበር፤ ጥፋተኛዋን ከበሩ ጀምራ አግኝታዋለች።

«ሶ» አለ ጌዴዎን፣ እጁን ቦይለሩ ላይ እንደ በሬ ሻኛ እያሳረፈ፤ «ፕሮብሌሙ የሴንሰር ነው። እኔ ቼክ አድርጌዋለሁ። ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል። ይቺን ቀይ ቁልፍ ስጫናት ይነሣል። እንደገና ያጠፋል፣ እንደገና እጫናለሁ።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«ይለያያል። ትናንት አሥራ አንድ ጊዜ። ሥራ ስሄድ እንዳይቋረጥ ለማንአልሞሽም አሳይቻታለሁ፤ ልጆቹ ሲተኙ እየወረደች ትጫናለች።»

ሐምዲያ መሣሪያ ሳጥኗን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው።

«አቶ ጌዴዎን፣ ይህቺ ቁልፍ የምትወጣው ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ እሳቱን ለማቆም ነው። ቦይለሩ በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ልሞት ነው ብሎ ጮኸ፤ እርስዎ አሥራ አንድ ጊዜ አፉን ዘጉት። ከላይ አሥራ ሁለት የሰው ልጅ አለ።»

«ሴንሰሩ ነው እኮ የምልሽ።»

«ሴንሰሩ ደኅና ነው። ከዚህ ቤት ደኅና ሆኖ ያገኘሁት እርሱን ብቻ ነው።»

ከዚያ ወጥታ ከክፍል ወደ ክፍል ዞረች። የጠረጠረችውን ሁሉ፣ ከጠረጠረችውም በላይ አገኘች። ከሰባቱ ራዲያተሮች አራቱ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። ጌዴዎን ማንም የማይቀመጥበትን ክፍል ማሞቅ ብክነት ነው አለ። የቀሩት ሦስቱ ከላይ በኩል አየር ቋጥረዋል። ጌዴዎን በቪዲዮ አይቶ አየሩን ለማስተንፈስ ከፍቷቸው ነበር፤ ውኃ እስኪንዠቀዠቅ ድረስ ከፈታቸውና በቧንቧው ያለውን የውኃ ግፊት አወረደው። የግፊቱ መለኪያ አሥራ ሁለትን ማሳየት ሲገባው መርፌው ከሦስት በታች ተኝቷል። ውኃ ሲጎድል በራሱ ሞልቶ ይተካ የነበረው የመሙያ ቫልቭም ተዘግቷል።

«ይሄንንስ ለምን ዘጉት?»

«ውኃ እንዳይባክን ነዋ» አለ ጌዴዎን፣ ጥያቄው ራሱ እየደነቀው። «እኔ ያደግኩት ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ነው። ቧንቧ ከሥሩ ይዘጋል። ሳይዘጋ የሚያድር ቧንቧ ሌባ ነው።»

በየመታጠቢያው በላይም በወፍራም እስክሪብቶ «ውኃ ይቆጠብ» የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ሐምዲያ አንዱን ቆማ አነበበችና አለፈች፤ ያ ሰው በሲያትል ዝናብ መካከል ቆሞ ውኃ ሲጠማ ታያት።

ራዲያተሮቹን ከፈተች፣ አየሩን አስወጣች፣ የመሙያ ቫልቩን ከፍታ ግፊቱን ወደ አሥራ ሁለት መለሰች። ቦይለሩ ተነሣ፤ ፓምፑ ገፋ፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ወጣ። ከምሳ በፊት ቤቱ ሥልሳ ዘጠኝ ዲግሪ ገባ። ማንአልሞሽ ለተቆጣጣሪዋ የምታሳየው የጽሑፍ ማስረጃ ስለ ለመነቻት፣ በስሟ በታተመው ወረቀት ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ የመጋሉ መንስኤ የራዲያተሮች መዘጋትና የአየር መቋጠር ነው፤ ተስተካክሏል፤ ቦይለሩ አስተማማኝ ነው። ፈረመችበት። ለጌዴዎን ደግሞ የመሙያውን ቫልቭ በጣቷ እያሳየች «ይህንን እንዳይነኩ፤ ቀይዋንም ቁልፍ ማናችሁም አትጫኑ» አለችው። «ኖ ፕሮብሌም» አለ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ በአባቷ ሱቅ ቆማ ጌዴዎን «ሶ፣ ሴንሰር ነው» ሲል እንዴት እጁን እንደሚያሳርፍ በርበሬ ጆንያው ላይ አስመስላ አሳየች። ሁዛይፋ እስኪያነባ ሳቀ፤ ሳቁ ሲበርድለት ግን እያያት «አንቺ እኮ ሰው ስትንቂ ፊትሽ ይፈካል» አላት። ሲሉት ደስ የማይል ቢሆንም እውነት ነበረ፤ በሙያዋ ውስጥ ከሁሉ የሚጥማት የሌላው ሰው ስሕተት መሆኑን ታውቀዋለች።

ሮብ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጠራ።

«ጠፍቷል» አለች ማንአልሞሽ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ከነጋ በኋላ ግሎ ጠፋ። ቁልፏን አትጫኑ ስላልሽ አልተጫንናትም። ወላጆች ልጆቻቸውን ማምጣት ጀምረዋል።»

ሐምዲያ ካፒቶል ሂል አንድ ሌላ ሥራ ልትጀምር ነበር፤ ይቅርታ ጠይቃ ወደ ደቡብ ነዳች። መንገድ ላይ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ሰውዬ ነካክቶታል። ስትደርስ አልተሳሳተችም። የግፊቱ መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል፤ ሙቀቱ ከልክ አልፏል፤ ፓምፑ በባዶ አየር ውስጥ ይንገጫገጫል፤ የመሙያው ቫልቭ ዳግመኛ ተዘግቷል።

«እንዳይነኩ አላልኩም?»

«ድምፅ ሰማሁ» አለ ጌዴዎን። ከሥራ ቀርቶ ፒጃማው ላይ ጃኬት ደርቧል። «ሰኞ ማታ በዚህ ቧንቧ ውስጥ ሽ የሚል ነገር ነበረ። ትናንት ጧትም እንደዚያው። ውኃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ዘጋሁት።»

«ለምን አልደወሉልኝም?»

«ፊክስ አድርጌዋለሁ ብለሽ ፈርመሽ ሄደሻላ።»

ሰውየው በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ተናግሮ ነበር። የማሞቂያ ውኃ የሚዞረው በተዘጋ መንገድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሞላ በኋላ አዲስ ውኃ አይጠጣም። በመሙያው በኩል ማታና ጧት ውኃ ከገባ፣ ማታና ጧት ውኃ ይወጣል ማለት ነው። በአራት የተዘጉ ራዲያተሮችና በአንድ ቪዲዮ ሊሞት የማይገባውን ግፊት እነዚያ ገደሉት ብላ ደምድማ ነበር። ጌዴዎንን መናቅ ስለ ጣማት፣ ከእርሱ ወዲያ ሌላ ምክንያት አልፈለገችም።

ባትሪዋን ይዛ ቧንቧዎቹን ተከተለች። ጣሪያውን አየች፣ ወለሉን ዳሰሰች፣ ከሰባቱ ራዲያተሮች ሥር ደረቅ ወረቀት ሰደደች። አንድ ጠብታ የለም። ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ተቆጣጣሪዋ ልትመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷል፤ ላይኛው ክፍል ሃምሳ ዘጠኝ ዲግሪ ነው።

ጌዴዎን የመሙያውን ቫልቭ ሊከፍት እጁን ሲሰድ ያዘችው።

«ባዶውን የጋለ ብረት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ከለቀቁበት ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ፈቃዱም ቦይለሩም አብረው ይሄዳሉ። ይቀዝቅዝ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«እስኪበቃው።»

«ተቆጣጣሪዋ ግን…»

«አቶ ጌዴዎን፣ ላይ ይውጡና ልጆቹን ያጫውቱ።»

ወጣ። ሐምዲያ መሣሪያ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቅ ጀመር። ያን ጊዜ እማማ ተናኘ ከክፍላቸው ወጡ። በአንድ እጃቸው የፕላስቲክ ባልዲ፣ በሌላው ነጠላ ጫማቸውን ይዘዋል። ሰላምታ ሰጥተዋት አለፉ፤ ቀስ ብለው ተንበርክከው ባልዲውን ከቦይለሩ ሥር አስጠጉ፤ ለጥገና ጊዜ ውኃ ማፍሰሻ የተሠራችውን ትንሽ ሩቢኔት በለመደ እጅ ጠመዘዟት። ትንሽ እንፋሎት ወጣ፤ ሁለት ጠብታ ተንጠባጠበ።

«ይኸው» አሉ፤ «ዛሬ ጭራሽ ነጠፈች።»

ሐምዲያ ከሳጥኗ ላይ ተነሣች።

«እማማ፣ ከዚህ ነው የሚቀዱት?»

«ታዲያ ከየት ልቅዳ? የፈላ ውኃ እዚሁ እያለ።»

«በየቀኑ?»

«ጧት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ። እግሬን ይቆረጥመኛል። በቀዝቃዛ እያበረድኩ እነክረዋለሁ። ትንሽ ቀላ ይላል፤ ብረት ስላለው ነው የሚጠቅመኝ እላለሁ።»

«ላይኛው ቧንቧ እኮ ሙቅ ውኃ አለው።»

እማማ ተናኘ ወደ ደረጃው አየት አደረጉ።

«አለው። እስኪሞቅ ግን ስንት ቀዝቃዛ ይፈሳል። ልጄ የውኃ መፍሰስ አይሆንለትም። ምንም አይለኝም፣ እግዜር ይስጠው፤ ግን ቧንቧ በከፈትኩ ቁጥር ከበሩ ውጭ ቆሞ ያስላል። ከዚህ ስቀዳ ማንም አያስልብኝም።» ሩቢኔቷን መልሰው ዘጉና «ኃይሏ ቀንሷል ብዬ ሰኞ ነግሬሽ ነበር» አሏት።

«ነግረውኛል» አለች ሐምዲያ።

ከዚህ ወዲያ የሚፈለግ ነገር አልቀረም። እናት በቀን ሁለት ባልዲ ከማሞቂያው ሆድ ይቀዳሉ፤ ልጅ የሚተካውን ውኃ ከሥሩ ይዘጋል። ሁለቱም ውኃ እየቆጠቡ ቦይለሩን ያደርቁታል። ከበሩ ሥር ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት ብቸኛ ምስክር ደግሞ ሳይጠየቁ መስክረው ነበር፤ ፈቃድ ያላት ባለሙያ «እሺ እማማ» ብላ አለፈቻቸው። ሐምዲያ አንድ ዕውቀት የሌለው ሰው ተመሳሳይ ነገር አድርጎ ብታገኘው ምን እንደምትለው ታውቃለች። የምትለውንም ሁሉ ለራሷ አለችው።

ጌዴዎን ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር፤ ምን ያህሉን እንደ ሰማ አይታወቅም።

«እማዬ፣ ይሄ የቦይለር ውኃ ነው እኮ፤ ኬሚካል አለበት» አለ።

«እግሬን ነው የታጠብኩት፤ አልጠጣሁት።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

እማማ ተናኘ ባልዲያቸውን አንሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሐምዲያ ጌዴዎንን አየችው። አንደበቷ ላይ የተሰለፈ ብዙ ቃል ነበረ፤ ሁሉም ስለታም፣ ሁሉም የሚገባው። ጊዜ ግን አልነበራትም።

ብረቱ ሲበርድ ውኃውን በቀስታ ለቀቀች። የሩቢኔቷን እጀታ ፈትታ አፏን በነሐስ ክዳን ጠረቀመችው። አየሩን ከየራዲያተሩ አስወጣች። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ እሳቱ ተነሣ፤ መርፌው አሥራ ሁለት ላይ ቆመ፤ ቧንቧዎቹ መሞቅ ጀመሩ። የብረት ራዲያተር ግን አይቸኩልም።

ተቆጣጣሪዋ ልክ በአራት ሰዓት መጣች፤ ጠጉሯን ያሳጠረች፣ ጫማዋን በር ላይ ሳይነግሯት የምታወልቅ አሜሪካዊት። መለኪያዋን የልጆቹ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ሥልሳ ስድስት። ልጆቹን አየች፤ ካፖርታቸውን አየች። ማንአልሞሽ የሰኞውን ወረቀት በሁለት እጅ ሰጠቻት። ሴትዮዋ አነበበችው።

«እዚህ ላይ ተስተካክሏል ይላል» አለች። «ከተስተካከለ ለምን ቀዘቀዘ?»

ጌዴዎን ቀደመ። ዲያግኖዝ እንዳደረጉ፣ ሴንሰሩ እንዳስቸገረ፣ ነገሩ አንደር ኮንትሮል መሆኑን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተረከ። ሴትዮዋ በትዕግሥት ጠበቀችውና ብዕሯን አነሣች። የማንአልሞሽ ዐይን ብዕሯ ላይ ነበር።

ሐምዲያ ነገሩ የት እንደ ደረሰ ገባት። ያ ወረቀት እውነት ከሆነ፣ ተጠግኖም የሚቀዘቅዝ ቤት ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ፈቃድ አይገባውም። ማንአልሞሽን የሚያድናት ወረቀቱ ሐሰት መሆኑ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ደግሞ የሐምዲያ ነው። በራሷ ስም መሥራት ከጀመረች ወዲህ በአንድም ወረቀቷ ላይ ስርዝ ድልዝ አላስገባችም። በተለማማጅነቷ ዘመን ወንዶቹ ስሕተቷን እየፈለጉ ይስቁባት ስለ ነበር፣ የማትሳሳት ሰው ሆና ነበር የወጣችው።

«ሰኞ የጻፍኩት ስሕተት ነው» አለች። ሁሉም ዞረው አዩዋት። «ትክክለኛውን መንስኤ አላገኘሁትም ነበር። ያገኘሁት ዛሬ ጧት ነው።»

ወረቀቱን ተቀብላ ከፊርማዋ በታች ጻፈች፦ ከላይ የሰጠሁት ምርመራ የተሳሳተ ነው፤ ከማሞቂያው ውኃ በማፍሰሻው በኩል ይቀዳ ነበር፤ ነዋሪዎቹ አደጋውን የሚነግራቸው አላገኙም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ ማፍሰሻው ተደፍኗል። ማን እንደ ቀዳ፣ ለምን እንደ ቀዳ አልጻፈችም። ቀስ እያለች ስለ ጻፈች ፊደሉ እንደ ተማሪ ፊደል ነበር።

ተቆጣጣሪዋ አንብባ ወደ ምድር ቤት ወረደች። የደረጃውን የልጆች መከልከያ በር ዘግታ ከፍታ ሞከረች፤ የነሐሱን ክዳን በጣቷ ነካች፤ ግፊቱን ጻፈች። ተመልሳ ወጥታ ትንሽ ወንበር ሳበችና ከልጆቹ መካከል ተቀመጠች።

«እስኪሞቅ እጠብቃለሁ» አለች።

ጠበቀች። ከአንዲት ሕፃን ጋር ወረቀት ለጠፈች። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው መለኪያው ሥልሳ ስምንት አለ። አንድ ልጅ «አይ አም ሃት» ብሎ ካፖርቱን መሬት ላይ ጣለው፤ የቀሩትም ተከተሉት። ተቆጣጣሪዋ ፈረመች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳታሳውቅ ተመልሳ እንደምትመጣ ተናግራ ጫማዋን አጠለቀች። ማንአልሞሽ በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆየች። ከዚያ የልጆቹን ምሳ ልታቀርብ ሄደች።

ሐምዲያ ዕቃዋን ቫን ውስጥ ስትጭን ጌዴዎን ዝናቡ ውስጥ ተከትሏት ወጣ።

«ለእናትዎ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ይክፈቱላቸው» አለችው። «እስኪሞቅ ይፍሰስ። እርስዎ ደግሞ በዚያን ሰዓት ሌላ ፎቅ ይሁኑ።»

«ኦኬ» አለ። ከዚያ የልቡን የሚጠይቅ ሰው ፊት ይዞ ቀረብ አላት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ? በወረቀት ላይ ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፍሽ። በገዛ እጅሽ። ሰው ምን ይላል?»

«ስለ ተሳሳትኩ ነው የጻፍኩት።»

ጌዴዎን ነገሩን አገላብጦ አሰበበት፤ በእውነት ሊገባው እየሞከረ ነበር።

«እኔ ብሆን» አለ በመጨረሻ፤ «ዕቃው አሮጌ ነው እል ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችውና የቫኑን በር ዘጋች።